በነርሷ ቤት ያደረ ውኃ

ኅዳር 22

ዛሬም ነስር። ሚጣ ስትነሳ ትራሷ ላይ ደም። አላለቀሰችም፤ ለምዳዋለች። የስምንት ዓመት ልጅ ነስር ትለምዳለች?

ብርዱ ከገባ ወዲህ ማሞቂያው ቀን ከሌት እንደበራ ነው። አየሩ ድርቅ ብሏል። ከንፈሬ ተሰነጣጥቋል፣ እጄ ሻክሯል፣ ሹራብ ሳወልቅ ፀጉሬ ጠጠጥ እያለ ይቆማል። ባለቤቴ የበር እጀታ በነካ ቁጥር ይነዝረዋል። "ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ ውዬ፣ ቤቴ ስገባ ደግሞ ቤቱ ይቆጣኛል" ይላል።

አማቴ ማሞቂያው አጠገብ ሳፋ ውኃ አስቀምጪ አሉኝ። "እኛ ስልክ ቤት ሳለን እንደዚያ ነበር የምናደርገው፤ ጉሮሯችን እንዳይደርቅ።" ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ድምፃቸው አሁንም ጥርት ያለ ነው። ሚጣን ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሷት በዚያ ድምፅ ነው፦ "ሃሎ፣ ከትምህርት ቤት ይፈለጋሉ፣ ላገናኝዎት?"

ሳፋ... በዚህ ዘመን! ሥራ ቦታ ያለችው ጓደኛዬ የእርጥበት ማሽን ገዝታ ተገላግላለች። ነገ እገዛለሁ።


ኅዳር 23

ገዛሁ። ነጭ ነው፣ የሰው ጭንቅላት ያክላል፣ ከላይ አፍ አለው። ውኃ ትሞያለሽ፣ ትሰኪዋለሽ፣ በቃ። ቀዝቃዛ ጉም ቀስ እያለ ይወጣል። ሚጣ እጇን አስር ጊዜ ሰደደችበት። "እማዬ፣ ደመና ነው የገዛሽልኝ?"

መመሪያ ወረቀቱን አላነበብኩትም። ለዚህ ደግሞ ነርስ መመሪያ ታነባለች?

ሚጣና አማቴ አንድ ክፍል ነው የሚተኙት። ያለችው ጠረጴዛ አማቴ ራስጌ ናት። እዚያ ተቀመጠ።

"ይሄ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ፊቴ ላይ ሊተነፍስብኝ ነው?" አሉ አማቴ። ሁላችንም ሳቅን።


ኅዳር 29

ነስሩ ቆመ! የትራስ ልብሷ ንጹህ ነው። ባለቤቴ ፊት ተኩራራሁ። "በሳፋ ብንሄድ ኖሮ..." አልኩ፣ አማቴ እየሰሙ። ለምን አልኩ? ሽንኩርታቸውን መክተፍ ቀጠሉ።


ታኅሣሥ 6

ሕፃናት ክፍል ውስጥ ዛሬ ጮህኩ።

አንድ ሕፃን ኦክስጅን ላይ ነው። ኦክስጅኑ የሚያልፍበት ጠርሙስ ውኃ አለው፤ አየሩን የሚያረጥብለት። ያ ውኃ በየቀኑ ይደፋል፣ ጠርሙሱ ይታጠባል፣ አዲስ ንጹህ ውኃ ይገባል። ይሄን የማያውቅ የለም። ተረኛዋ ባልደረባዬ ግን የትናንቱ ላይ ስትጨምርበት ደረስኩ። "ይሄ ውኃ ሳይሆን ሾርባ ነው! ጀርም ነው እኮ ለልጁ የምታስተነፍሺው!" አልኳት። እናቶቹ ሁሉ ዞረው አዩን። ዓይኗ እንባ አቀረረ። አላሳዘነችኝም። ልክ ነበርኩ... ልክ መሆን ደግሞ ደስ ይላል።

ቤት ስገባ የማሽኑ ቀይ መብራት በርቷል። ውኃ ጨርሷል። ከቧንቧ ጨመርኩበት።


ታኅሣሥ 10

ድርብ ፈረቃ። ማሽኑ ላይ ውኃ ጨምሬ ተኛሁ። ሌላ የሚጻፍ የለም።


ታኅሣሥ 14

አማቴን ሳል ጀመራቸው። ደረቅ ሳል። ጠዋት ጠዋት ያተኩሳቸዋል፣ መገጣጠሚያዬን ቆረጠመኝ ይላሉ። ወደ ማታ ቀለል ይላቸዋል። ሲነጋ እንደገና ያው። ጉንፋን እንዲህ ይመላለሳል እንዴ?

"ይሄ ማሽንሽ ይሸታል" አሉኝ።

"ምን ምን ይላል?"

"አበባ የደረቀበት ማስቀመጫ አለ አይደል? የዚያን ውኃ።"

"እማማ፣ ውኃ እኮ አይሸትም።"

አጎንብሼ እንኳ አላሸተትኩትም። አዲስ ነገር ሁሉ አይጥማቸውም ብዬ ተውኩት። ከሰዓት ክፍላቸው ስገባ አጥፍተውታል። አበራሁት። እራት ላይ ደግሞ ጠፍቶ አገኘሁት። ይሄኔ ተናደድኩ። "ሚጣን ነስሩ እንዲመለስባት ነው የሚፈልጉት?" አልኳቸው።

"እኔ?" አሉ። ይቺን ብቻ። ከዚያ ወዲህ አላጠፉትም።


ታኅሣሥ 19

ሳሉ ባሰ። ድምፃቸው ጭራሽ ጠፋ። ሚጣን ዛሬ የቀሰቀሷት ትከሻዋን ነካ ነካ አድርገው ነው።

"አያቴ፣ መስመሩ ተበላሸ?" አለቻቸው።

በራሳቸው ንቅናቄ "አዎ" አሏት። ሁለቱም ሳቁ። የእሳቸው ሳቅ ወደ ሳል ዞረ፤ አላቆም አላቸው።

ማዳመጫዬን አውጥቼ ጀርባቸውን አዳመጥኩ። ከታች በኩል ደቀቅ ያለ የመሰነጣጠቅ ድምፅ አለ። ጉንፋኑ ሳንባቸው ላይ ወርዶ ይሆናል... ሽሮፕ ሰጠኋቸው። ለሳል እርጥበት ጥሩ ነው ብዬ ማሽኑን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። አፉንም ወደ ፊታቸው አዞርኩት።

"ነርስ ማግባት ጥቅሙ ይሄ ነው" አለ ባለቤቴ።


ታኅሣሥ 23

ይሄን መጻፍ አልፈልግም። ካልጻፍኩት ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አማቴ ከስተዋል። ሳሉ አልለቀቃቸውም። ትናንት ሥራ ቦታ ሆኜ አንድ ሐሳብ ልቤ ውስጥ ገባ፦ የሳንባ ነቀርሳ ቢሆንስ? ሚጣ አጠገባቸው ነው የምትተኛው! ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ሚጣን ወደኛ ክፍል አዛወርኳት። ማሽኑን ግን እሳቸው ጋ ተውኩት... ለሳላቸው ብዬ። ደግነት መሆኑ ነው።

ከዚያ ዕቃቸውን ለየሁ። ሳህናቸውን፣ ማንኪያቸውን፣ ኩባያቸውን። ኩባያው ከሌሎቹ ጋር እንዳይሳሳትብኝ እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰርኩበት። ማንም አያስተውለውም ብዬ ነበር።

ምሳ ላይ ሚጣ ውኃ ጠማት። ቅርቧ ያለውን ኩባያ ብድግ አደረገች። የእሳቸውን። ዘልዬ ነጠቅኳት። ውኃው ጠረጴዛው ላይ ተደፋ።

"የአያትሽን ዕቃ አትንኪ!"

ከአፌ ወጣ። ምላሴን በቆረጠው። ሚጣ ደንግጣ አየችኝ። አማቴ ኩባያውን አዩት። ክሩን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

"ምልክት ነው?" አሉ፣ በዚያ በተዘጋ ድምፃቸው።

"ለንጽሕና ብዬ ነው፣ እማማ።"

"አዎ... ንጽሕና ጥሩ ነው።"

ተነሥተው ጠረጴዛውን ራሳቸው ወለወሉት። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበር። አልነገርኩትም። እሳቸውም የሚነግሩት አይመስለኝም።


ታኅሣሥ 25

አክታቸው ተመረመረ። ነቀርሳ የለም። ራጁ ላይ ግን ሳንባቸው ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ኢንፌክሽን ይሆናል ተብሎ መድኃኒት ታዘዘ።

እንግዲህ ነቀርሳ ካልሆነ ክሩን መፍታት አለብኝ። ምን ብዬ ልፍታው? ሲፈታም ይታያል እኮ። ነገ።


ታኅሣሥ 27

አልፈታሁትም።

መድኃኒቱ ምንም አልፈየደም። ባለቤቴን ወጥ ቤት ጠርቼ "ለጥቂት ቀን እህትህ ጋ ቢሆኑስ? ምንነቱ እስኪታወቅ... ለልጅቷ ብዬ ነው" አልኩት። እህቱ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ቤቷ ከከተማው ወዲያ ጫፍ ነው።

"እናቴን ልታስወጫት ነው?"

"ማስወጣት ማን አለ?"

እንዲህ እየተባባልን አማቴ በሩ ላይ ቆሙ። ካፖርታቸውን ለብሰዋል። ሻንጣቸው በእጃቸው ነው። ሰምተዋል። መቼ ሰበሰቡት? ከትናንት ጀምሮ ተዘጋጅተው ነበር ማለት ነው?

"በል፣ አውቶቡስህን አምጣና አድርሰኝ" አሉት ልጃቸውን። ቀልድ ነበር። የሳቀ የለም።

ሚጣ ካፖርታቸው ላይ ተጣብቃ አልለቅ አለች። እኔ ነኝ ያላቀቅኳት።

ክፍላቸው ስገባ አንሶላቸውን አጥፈው አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጠውታል። እንግዳ ሆኖ ያደረ ሰው እንደሚያደርገው።


ጥር 2

ፀጉር ሠሪዋ ደወለች። "ማማ ድናለች እኮ! ትኩሳቱም ጠፋ፣ ሳሉም ሊያልቅ ነው። ድምጿ ሲመለስ ብትሰሚ... ደንበኞቼን በስልክ የምትቀጥርልኝ እሷ ሆናለች።"

"ተመስገን" አልኩ። ስልኩን ዘጋሁ። ደስ አለኝ? እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም አያነበውም። አላለኝም። ተናደድኩ። እኔ ቤት እየታመሙ ልጃቸው ቤት ሲድኑ ሰው ምን ይላል? እኔ ምን ያጎደልኩባቸው ነው የሚመስለው?

ሴት ልጃቸው ትሪ ተሸክማ ስትሽከረከር፣ እሳቸው ሲመርቁ ታየኝ። ቀናሁ መሰለኝ።


ጥር 6

አማቴ ተመለሱ። ሚጣ ምግብ አልበላም እያለች ባለቤቴ ሄዶ አመጣቸው። ፊታቸው ሞላ ብሏል። ድምፃቸውም ያ የድሮው። ክሩን ጠዋት ፈትቼዋለሁ። እጀታው ላይ ቀይ ቀለም ለቋል፣ በሳሙና ብፈትገው ብፈትገው አልሄደም።

ክፍላቸውን አሙቄ፣ ማሽኑን እስከ አፉ ሞልቼ አብርቼ ጠበቅኳቸው። ካሳ መሆኑ ነው።


ጥር 7

ጠዋት ትኩሳት። ሳሉ ከመጀመሪያውም የባሰ። መቀመጫ ላይ ተደግፈው ነው የሚተነፍሱት።

ወጥ ቤት ውስጥ ባለቤቴን "እኔን ሲያዩ ነው እንዴ የሚያማቸው?" አልኩት።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"እህትህ ጋ ደህና፣ እዚህ ሲመጡ በሽተኛ... ምን ላስብ?"

ከኋላዬ ወዳለው በር እያየ ነበር። ዞር ስል አማቴ ባዶ ብርጭቆ ይዘው ቆመዋል። ውኃ ሊቀዱ መጥተው። ግድግዳውን በእጃቸው እየተደገፉ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ውኃውን ሳይቀዱ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።


ጥር 9

ሆስፒታል ገቡ። እኔ የምሠራበት። ትናንት ማታ ከንፈራቸው ሲጠቁር አይቼ ባለቤቴን "ተነሥ" አልኩት።

ዶክተሯ በደንብ የምታውቀኝ ናት። አልጋው አጠገብ ቆማ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ባለቤቴ በአንድ ወገን፣ አማቴ ኦክስጅን አፍንጫቸው ላይ ሆኖ ዓይናቸው እኔ ላይ።

"ከቤት ሲወጡ ተሻላቸው፣ ሲመለሱ ወዲያው ታመሙ... እንደዚያ ነው?"

"አዎ።"

"እቤት ውስጥ ሻጋታ አለ? ወፍ ታረባላችሁ?"

"የለም።"

"የእርጥበት ማሽንስ?"

በዚያች ቅጽበት ሁሉም ገባኝ። ጠዋት የሚመጣው ትኩሳት። ሽታው። ያ ጠርሙስ። ያቺ ያስለቀስኳት ባልደረባዬ። ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ።

"አለ" አልኩ። "ግን ንጹህ ነው። በየቀኑ ነው የማጥበው።"

ዓይኔን በጨው አጥቤ! ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ዶክተሯ "አንቺ ባትሆኚ እጠራጠር ነበር" ብላ ሳቅ አለች። ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈች።

ከሰዓት ልብስ ላመጣላቸው ብዬ ቤት ሄድኩ። የማሽኑን ጋን ነቅዬ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩት። ታቹ ሮዝ ልጋግ ለብሷል። ጥጋ ጥጉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ። ጣቴን ሰደድኩ... ሙልጭልጭ አለብኝ። ሽታው የሞተ አበባ ውኃ ነው። ልክ እንዳሉት። ከተገዛ ጀምሮ አንድ ቀን አላጠብኩትም። ላይ በላዩ እየጨመርኩ... ወደ ፊታቸው አዙሬ።

መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ምን አደረግኩ? ታወቀኝ ብዬ ሮጬ ሄድኩ? የለም። ፈተግኩት። በበረኪና፣ በብሩሽ፣ በጥርስ ብሩሽ ጭምር። አዲስ እስኪመስል። አድርቄ ቁም ሳጥን ውስጥ ደበቅኩት።


ጥር 10

ዛሬም አልተናገርኩም።

ዶክተሮቹ ተሰብስበው ተነጋገሩ። ነገሩ ስላልገባቸው ነገ በጉሮሯቸው ቱቦ አስገብተው ሳንባቸውን ሊያዩ፣ ቁራሽ ቆርጠው ሊመረምሩ ወሰኑ። በእሳቸው ዕድሜ ቀላል ነገር አይደለም። ሊደማ ይችላል። ምክንያቱን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ። ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።

ለመናገር ዶክተሯ ቢሮ በር ድረስ ሄድኩ። ውስጥ ሳቅ ሰማሁ። ተመለስኩ። ምን ብዬ ልጀምር? "ዋሽቼሻለሁ" ነው የሚባለው?

አማቴ ቱቦውን ፈርተዋል። ፈራሁ አይሉም፤ አንሶላውን ሲያፍተለትሉ አውቅባቸዋለሁ። ተጎንብሼ ትራሳቸውን ሳስተካክል እጄን ያዙኝ።

"አንቺ ትኖሪያለሽ አይደል... ሲያስገቡት?"

"እኖራለሁ፣ እማማ።"

"እንግዲያስ ግድ የለም። አንቺ ካለሽ ይሁን።"

ከዚያ ሁሉ በኋላ! ከኩባያው፣ ከወጥ ቤቱ ወሬ በኋላ። ሥራዬን ያምኑታል። እኔን ባይሆንም ሥራዬን። ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ቆየሁ።


ጥር 11

ተናገርኩ።

ጠዋት አማቴን በተሽከርካሪ አልጋ ሊወስዷቸው ሲመጡ "ቆዩ" አልኩ። ዶክተሯ ጓንቷን እያጠለቀች ነበር። ኮሪደር ላይ፣ ሰው እያለፈ እያገደመ፣ ነገርኳት። አንድም ቀን አለመታጠቡን። ልጋጉን። መዋሸቴን። ከትናንት ወዲያ አጥቤ መደበቄን።

አልጮኸችብኝም። ምነው በጮኸች። ጓንቷን አወለቀች። "ጠይቄሽ ነበር እኮ" አለች። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ ምርመራው ቀርቷል አለች።

ሳንባቸው በተበከለው ጉም ተቆጥቶ ነው። አለርጂ ቢጤ። ሁሉንም ሰው አይይዝም፤ ሚጣ አልጋዋ ራቅ ስላለ ይሁን ልጅ ስለሆነች፣ ተርፋለች። መድኃኒቱ ከማሽኑ መራቅ ነው፤ እብጠቱን የሚያበርድ ኪኒን ይጨመራል። ያ ቱቦ ለካ በእኔ ዝምታ ምክንያት ነበር ሊገባ የነበረው።


ጥር 12

ባለቤቴን አውቶቡስ ማቆሚያው ሄጄ ነገርኩት። ተራው እስኪደርስ መሪው ላይ ተደግፎ ሰማኝ።

"ነርስ አይደለሽም እንዴ?" አለኝ።

ስድብ አልነበረም። ጠፍቶት ነው የጠየቀኝ። ሞተሩን አስነሣ፣ በሩን ከፈተ፣ ሰው መግባት ጀመረ። ወረድኩ።

ከዚያ አማቴ ጋ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አንገቴን ደፍቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

"ነቀርሳ አይደለም ማለት ነው።"

"አይደለም።"

"ከእኔ የመጣም አይደለም።"

"ከእኔ ነው፣ እማማ። እኔ ነኝ።"

"ማጠብ መርሳት... ይሁን። እኔም ስንቱን ሰው 'መስመር ላይ ይቆዩ' ብዬ ረስቼዋለሁ። እሱን እተወዋለሁ።" ትንሽ ሳሉ። "ልጅቷ ፊት ግን..."

አልጨረሱትም። ኩባያውን ማለታቸው ነው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ይቅርታ እያልኩ እግራቸውን ያዝኩ። እግራቸውን ሰበሰቡት።


ጥር 14

ሥራ ስገባ ሁሉም ሰምቷል። ስገባ ወሬ ይቋረጣል፣ በቃ። ያቺ በሰው ፊት ያስለቀስኳት ባልደረባዬ የኦክስጅኑን ጠርሙስ ስታጥብ አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ። ይቅርታ ልል። "ለጠርሙሱ ነው የመጣሽው? ታጥቧል" አለችኝ። "አይ፣ ለጠርሙሱ አይደለም" አልኩ። የዚያን ቀን ልክ ብሆንም አጯጯሄ ልክ አልነበረም... እንዲህ ለማለት አስቤ ነበር። የወጣልኝ "ይቅርታ" ብቻ ነው።

ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አንሥታ አሳየችኝ። "ካላመንሽ" አለች። አየሁት? አላየሁትም። ምን ፊት አለኝ።


ጥር 16

ዛሬ አማቴ ሻይ ስወስድላቸው "ይባረኩ፣ እዚያ ያስቀምጡልኝ" አሉኝ።

ያስቀምጡልኝ?

ለሌላ ሰው መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። እኔን ነው። እርስዎ አሉኝ።


ጥር 21

ከሆስፒታል ወጡ። ወደኛ አይደለም፤ ሴት ልጃቸው ጋ። ማንም አልጠየቃቸው፣ ማንም አልለመናቸው... ሁላችንም አውቀነዋል። ባለቤቴ ሻንጣውን ያዘ፣ እኔ መድኃኒቱን። ደረጃው ላይ ክንዳቸውን ልይዝ ስል "አይልፉ፣ እችላለሁ" አሉ። በጥሩ ፊት። በጨዋ ደንብ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪና ውስጥ ሚጣ "አያቴ፣ እማዬን ለምን እርስዎ ትያታለሽ?" አለች።

"ትልቅ ሰው ናቸዋ" አሉ።

ባለቤቴ ከፊት ሆኖ በመስታወት አየኝ። እኔ ጫማዬን።


የካቲት 2

ማሽኑን ጣልኩት። ሚጣ አለቀሰች፣ ደመናዬን ብላ። "አያትሽን ያሳመማት እሱ ነው" ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። "እኔ በደንብ ስላላጠብኩት አያትሽ ታመመች" አልኳት። ብዙ ቆይታ አሰበች።

"ታዲያ ኩባያዋን ለምን ቀማሽኝ?"

"የታመመችው ከራሷ መስሎኝ ነው። ተሳስቼ ነው።"

"ይቅርታ ብለሻታል?"

"ብያለሁ።"

"እሺ አለችሽ?"

"ገና ነው።"


የካቲት 11

ባለቤቴ ዛሬ እራት ላይ ጨው አቀብዪኝ አለኝ። ከዚያ ስለ አንድ ተሳፋሪ አወራልኝ፤ ፍየል ይዞ ልግባ ስላለ ሰውዬ። ረጅም ወሬ ነበር። ሁሉንም ሰማሁ፣ ሳቅ ባለበት ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ አውርቶልኝ አያውቅም።

እናቱን ግን አላነሣም። እኔም አላነሣሁም። ክፍላቸው ባዶውን ነው። ሚጣ እዚያ አልተኛም ብላለች።


የካቲት 19

እረፍቴ ነው። እንደ ሁልጊዜው ሚጣን ይዤ ፀጉር ሠሪዋ ቤት ሄድኩ። በሄድኩ ቁጥር አንድ ነው፦ "ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ምን ልጋብዝዎ?" እኔም እንደ እንግዳ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። ፀጉር ሠሪዋ ወዲያና ወዲህ ታየናለች፤ እሷ እንኳ ይበቃል ያለች ይመስለኛል። እሳቸው ግን ጨዋነታቸውን አንድ ቀን አላጎደሉብኝም። እኔም አልቀረሁም። መቅረት ይቀለኝ ነበር። መቼ ነው ማፈር የሚያልቀው? የሚያልቅ አይመስለኝም። ይዤው እየሄድኩ ነው።

ዛሬ ብርዱ ባሰበት። ነፋስም አለ። ሚጣ በሩን በርግዳ ቀድማኝ ገባች፣ አያቷ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ሁለት እጄ ዕቃ ይዟል፦ ብርቱካን፣ የመድኃኒታቸው ኪኒን፣ የሚጣ ደብተር። ደፍ ላይ ቆሜ ጫማዬን በእግሬ ላወልቅ እታገላለሁ። ፀጉር ሠሪዋ የደንበኛ ፀጉር ይዛለች። ነፋሱ መጋረጃውን አነሣው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለ ወረቀት በተነ።

"ኧረ በሩን ዝጊው!" አሉ አማቴ፣ በዚያ የስልክ ቤት ድምፃቸው። "ብርዱ አጥንቴ ገባ እኮ! ሜዳ ላይ ነው እንዴ ያደግሽው?"

ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ቀጥ አለች። አማቴ አላስተዋሉትም። ወይ አስተውለውታል... አላውቅም። የሚጣን ኮት ቁልፍ እየፈቱ ነበር።

ዘጋሁት።